ስም ጠርታ የመጣችው ደንበኛ

መርካቶ ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ሌባ ነው እያልኩ ለብዙ ዓመት ተከራክሬያለሁ። ማስረጃ አምጣ ስባል አላፍርም ነበር። እገሌ ካርቶን እንዴት እንደሚቀይር፣ እገሊት የሰው ደንበኛ እንዴት እንደምትጠልፍ አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። የሚሰማኝ ሰው በዕውቀቴ ይደነቃል። ዕውቀቱን ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ።

ስሜ ደምሴ ነው። ዱባይ ተራ ጫማ እሸጣለሁ፤ በብዛት የተማሪ ጫማ፣ በጅምላም በጥንድም። ከጎጃም የመጣሁት ሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ነው። መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፌ ሰንደል ጫማ ስሸጥ አደግኩ፤ የቀረውን ትምህርት አስፋልቱ ሰጠኝ። አስፋልት ብዙ ያስተምራል። ዕቃህን ጠቅልለህ መቼ እንደምትሮጥ፣ ገዢው ኪሱ ውስጥ ምን ያህል እንደያዘ ከአረማመዱ እንዴት እንደምትገምት ያስተምርሃል። ሰው ማመን የሚባል ትምህርት ግን አይሰጥም። ይህ ነገር ሲደርስ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። የራሴ ሱቅ ነበረኝ፤ ተራው ሁሉ የሚፈራው ምላስም ነበረኝ።

ግድግዳ የምጋራው ሰው ኑረዲን ይባላል፤ የስልጤ ሰው ነው። እሱም የተማሪ ጫማ ነው የሚሸጠው። ግድግዳችን ቆርቆሮ ስለሆነ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው ከራሴ ወንበር ሳልነሳ ነው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ደግሞ አልወድም፤ ምን እያሰላ እንደሆነ አይታወቅም።

ተራችን ያልተጻፈ ሕግ አለው። ሙሉ ቁጥር ያለው ሱቅ የለም። ገዢ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሲጠይቅህ ከሌለህ "ቁጭ በል" ትለውና ጎረቤት ሮጠህ አምጥተህ ትሸጣለህ። "የለም" የሚባል ቃል እዚህ አይታወቅም። ሁለተኛው ሕግ ሱቅ መጠበቅ ነው። ሙስሊሙ ዓርብ አንዋር መስጊድ ሲሄድ ክርስቲያኑ ሱቁን ይጠብቅለታል፤ ክርስቲያኑ በበዓል ወይም በለቅሶ ሲጠፋ ሙስሊሙ ይጠብቅለታል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ ስምህን ጠርቶ የመጣ ደንበኛ አይነካም። "ደምሴ የታለ?" ብሎ የጠየቀን ሰው ጎረቤቴ "ይመጣል፣ ቆይ" ይለዋል እንጂ የራሱን ጫማ አያሳየውም።

ዓርብ ዓርብ የኑረዲንን ሱቅ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደምጠብቅ ትሰማላችሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ የተማሪ ጫማ እንደ ዳቦ በሚሸጥበት ሰሞን፣ አክስቴ ቢቸና አረፈች። እሑድ ሱቄን ቆልፌ ሄድኩ። ኑረዲንን "ሐሙስ እመለሳለሁ፣ ደንበኛ ከመጣ ንገርልኝ" አልኩት። "አብሽር" አለኝ። የአክስቴ አገር ስልክ የሚሠራው ዛፍ ላይ ሲወጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዛፍ ላይ የምወርድበት ዕድሜ ላይ ነኝ።

ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ተራው መጣሁ። የኑረዲን ሱቅ በር ላይ ካርቶን እንደ ግንብ ተደርድሯል። ሁለት ተሸካሚዎች ገመድ እያሰሩ ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር "አስካለ - ሆሳዕና" ይላል።

እትዬ አስካለ ማለት የእኔ ደንበኛ ናቸው። ለአምስት ዓመት በየነሐሴው መጥተው የሆሳዕናን ግማሽ ተማሪ የሚያጫማውን ጫማ ከእኔ ይወስዳሉ። ዓመቱን የምኖረው በዚያ ሽያጭ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

"አውርድ!" አልኩት ተሸካሚውን።

ኑረዲን ከውስጥ ወጣ። "ደህና መጣህ ደምሴ። እግዜር ያጽናህ፤ አክስትህ..."

"አክስቴን ተዋት። የማን ዕቃ ነው ይሄ?"

"የእትዬ አስካለ።"

"ማንበብ እችላለሁ። ከማን ገዝተው?"

"ከእኔ።"

በቃ፣ በአንድ ቃል። ለመዋሸት እንኳን አልሞከረም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ፤ የሚዋሽህ ሰው ቢያንስ ያከብርሃል።

"እኔን ጠርተው አልመጡም?"

"አንተን ጠርተው ነው የመጡት።"

"ታዲያ?"

"እሳቸውን ጠይቃቸው። ጭድ ተራ በኩል መኪና እያስጫኑ ነው።"

"አንተን ነው የምጠይቅህ!"

"እኔ አልናገርም፣ ደምሴ።"

እዚያው ፍርዴን ጨረስኩ። ንጹሕ ሰው ለምን ዝም ይላል? እኔ ዝም የምለው የያዝኩት ነገር ሲኖር ነው።

ከዚያ አፌን ከፈትኩ። ተራው ሁሉ ሥራ አቆመ። ሌባ አልኩት፣ ለቅሶ የሚጠብቅ ጅብ አልኩት። ባይመልስ ጊዜ የማይባለውን አልኩ፦ "በአንድ እጅህ መስገጃ፣ በአንድ እጅህ የሰው ደንበኛ!"

እዚህ ላይ ያጨበጭብልኝ የነበረው ሰው ሁሉ ዐይኑን ሰበረ። መርካቶ ውስጥ ሰው ይሰደባል፣ እናቱም ትሰደባለች፣ መስገጃው ግን አይነካም። ኑረዲን ተመልሶ ሱቁ ገባ።

ቀበቶ የሚሸጡት ጋሼ ክፍሌ መጡ። የተራው ሽማግሌ ናቸው። "ደምሴ፣ ድምፅህን ቀንስ። ገዢ እያባረርክብን ነው።"

"ጋሼ፣ ሽምግልና እፈልጋለሁ። ዛሬውኑ።"

"ከለቅሶ ነው የመጣኸው። ብላ፣ ተኛ፣ ነገ..."

"ዛሬ!"

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ክፍሌ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። እሳቸው፣ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሀጂ ሸምሱ፣ ኑረዲንና እኔ። በሩ ላይ ተራው በሙሉ ቆሟል፤ ሁሉም ጆሮውን ወደ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ። ሀጂን ሳይ "እኚህ ለወገናቸው ነው የሚያደሉት" ብዬ አሰብኩ። አያችሁ፣ ዳኛውንም ገና ከመቀመጣቸው ፈርጄባቸዋለሁ።

"ምን እንዲደረግልህ ነው የምትፈልገው?" አሉ ጋሼ ክፍሌ።

"ይቆረጥ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ከኑረዲን ጫማ አይውሰድ፣ ማንም አይስጠው፣ ሱቁንም ማንም አይጠብቅለት።"

በሩ ላይ የቆመው ሰው ተንጫጫ። ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። ከጎረቤት ሳታመጣ እኛ ተራ መሸጥ በአንድ እግር እንደመራመድ ነው፤ በዚህ ሰሞን የተቆረጠ ሰው ሱቁን ለአከራይ አስረክቦ ይሄዳል። ኑረዲን አምስት ልጆች አሉት። እኔም አውቃለሁ። አውቄ ነው የጠየቅኩት።

"ሐሰት ሆኖ ቢገኝስ?" አሉ ሀጂ።

"ያው ቅጣት በእኔ ላይ ይሁን!" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ጥሩ። በል አስረዳ። ምን ብሎ ነው ደንበኛህን የወሰደው?"

ይህን የመሰለ ዕድል ሳገኝ አላባክንም። ቆሜ፣ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳቸው።

"ሴትዮዋ ይመጡና 'ደምሴ የታለ?' ይላሉ። 'የለም' አይላቸውም። 'የለም' ካልክ ገዢ 'እጠብቃለሁ' ይላል። 'ዘግቶ አገሩ ገብቷል' ነው የሚላቸው። ከዚያ ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። 'ባይኖርም ይሻልዎታል፣ ዘንድሮ ያስገባው ጫማ ሶሉ ይላቀቃል' ይላል። ከዚያ ወንበር ያወጣላቸዋል። ሰው አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም።"

ጋሼ ክፍሌ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ወንበሩ ከሶሉ በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ! በፊት ካወጣኸው ገዢው ይጠረጥራል።"

"እህ። ይህን ሲያደርግ ማን አየው?"

"ማየት ምን ያስፈልጋል? እንዲህ ነው የሚደረገው!"

"በማን?"

"በሁሉም!"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ሸጥኩ" አሉ ሀጂ ሸምሱ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ። "ይህን የወንበሩን ነገር ዛሬ መስማቴ ነው።"

በር ላይ አንዱ ሳቀ። እኔም ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማኝ፤ ደረጃ አለ ብለህ ረግጠህ ስታጣው እንደሚሰማው ዓይነት።

ጋሼ ክፍሌ ወደ ኑረዲን ዞሩ። "አንተስ?"

"እኔ የምናገረው የለኝም ጋሼ። እትዬ አስካለን ጥሩልኝ።"

"እሳቸው የተታለሉ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ?" አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ለምን እንደቸኮልኩ ያን ጊዜ ብጠየቅ አላውቅም እል ነበር።

ሰው ተላከ። ሩብ ሰዓት ቆይተው እትዬ አስካለ መጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ገና ከበሩ እየተቆጡ።

"አይሱዙው ቆሞብኛል! ምንድን ነው ጉዱ?"

"ይቅርታ እትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው" አሉ ጋሼ ክፍሌ። "የደምሴ ደንበኛ ሆነው ሳለ ኑረዲን ምን ብሎ ሸጠልዎ?"

"ምን ብሎ ሸጠልዎ? ለምኜው ነው እንጂ!" አሉ። "ሰኞ መጣሁ፣ 'ደምሴ ለቅሶ ነው፣ ሐሙስ ይመጣል' አለኝ። ያንተን ስጠኝ አልኩት። 'የደምሴ ደንበኛ ነዎት' ብሎ ካርቶኑን እንኳን አልከፍት አለኝ። ማክሰኞ መጣሁ፣ በራሱ ስልክ ስንቴ ደወለለት መሰለህ፣ አይነሳም። እኔ እዚህ ሆቴል ተኝቼ እዚያ ትምህርት ሊከፈት ነው። ትናንት መጥቼ ቁርጡን ነገርኩት።"

"ምን ብለው?"

እትዬ አስካለ ተመለከቱኝ። ጥላቻ የለበትም አስተያየታቸው፤ የበሰበሰ ድንች ለይቶ እንደሚጥል ሰው ነው ያዩኝ።

"'እኔ የደምሴ ደንበኛ ሆኜ አላውቅም' አልኩት። የዛሬ አምስት ዓመት አማቼ 'ኑረዲን የሚባል ሰው ጋ ሂጂ፣ ጫማው ጠንካራ ነው' ብሎ ላከኝ። ስሙን ጠርቼ ነው የመጣሁት። ዓርብ ነበር። ይህ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሟል። 'ዘግቶ አገሩ ገብቷል' አለኝ። ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ 'ባይኖርም ይሻልዎታል፣ የሱ ጫማ ሶሉ ይላቀቃል' አለኝ። ከዚያ ወንበር አወጣልኝ።"

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ቀጠሉ።

"ገዝቼ ዕቃዬን ሳስር አንድ ሰው ኮፍያ አድርጎ መጥቶ 'ተዘግቷል' የተባለውን ሱቅ ገባ። ተሸካሚውን ማነው ስለው 'ኑረዲን ነው፣ ከስግደት መጣ' አለኝ።"

"ታዲያ ይህን እያወቁ አምስት ዓመት ከደምሴ ገዙ?" አሉ ሀጂ።

"ጫማው ደህና ነበራ! ሰውዬውን አልጫማውም። ሦስት ቀን ሆቴል ተኝቼ የምጠብቀው ግን አይደለም። ጨርሰናል? መኪናዬ!" ብለው ወጡ።

ረስተኸው ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁትም። እሳቸው ብቻም አልነበሩም፤ በዓመት ሰባት ስምንት ዓርብ ላይ አንዳንድ ሰው እጠልፍ ነበር። ግን እመኑኝ፣ አንድም ቀን ስርቆት መስሎኝ አያውቅም። እኔ ሳደርገው ንግድ ነው። ንቃት ነው። ሌላው ሲያደርገው፣ ማለት ያደርገዋል ብዬ ሳስብ፣ ደሜ ይፈላል። ለኑረዲን ያዘጋጀሁት ክስ ከአፌ ሲወጣ እንዳለ የራሴ ዓርብ ነበር፤ ቃሉ፣ ሹክሹክታው፣ ወንበሩ። ስም ብቻ ነው የቀየርኩት።

"ታውቅ ነበር?" አሉት ጋሼ ክፍሌ ኑረዲንን።

"የእሳቸውን ትናንት ነው የሰማሁት። የሌሎቹን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ለምን ዛሬ ጠዋት አልተናገርክም?"

"ከለቅሶ መጥቶ በሰው ፊት ላዋርደው? ብቻውን ቢጠይቃቸው ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር።"

"እያወቅክ ሱቅህን ዓርብ ዓርብ ትሰጠዋለህ?" አሉ ሀጂ ሸምሱ፣ አሁን እሳቸውም ተናደው።

ኑረዲን ወደ ሀጂ ዞረ። "እሱን መጠርጠር ከጀመርኩ ወዲያኛውንም ጎረቤት መጠርጠር አለብኝ። ከዚያ መስጊድ ቆሜ የማስበው ሱቄን ነው። አንድ ሁለት ደንበኛ ቢሄድ ይሻለኛል ብዬ ነው።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየ። "የዛሬውን ግን፣ የመስገጃውን፣ አልጠበቅኩም።"

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ክፍሌ እጃቸውን አነሱ።

"ቅጣቱን ራስህ ነው የቆረጥከው። እስከ መስቀል። ከማንም አታመጣም፣ ማንም ካንተ አይወስድም። ሂድ።"

የዚያን መስከረም ልንገራችሁ። ሕዝብ ጎርፍ ሆኖ በሚፈስበት ሰሞን ሱቄ በር ላይ ቆሜ "የለም" ስል ከረምኩ። "ሠላሳ ሰባት አለህ?" የለም። "ይህቺ በጥቁር አለች?" የለም። ቃሉ ለአፌ አዲስ ስለነበር መጀመሪያ ላይ እንደ ውጭ አገር ቋንቋ ነበር የምናገረው። ሁለት ሜትር ላይ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ተደርድሮ አየዋለሁ። ቆርቆሮው ማዶ ሲያስነጥስ "ይማርህ" እላለሁ። አይመልስም።

ሥራ ስፈታ አሰብኩ። ሌባ ስላልኳቸው ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ። ካርቶን ይቀይራል ያልኩት ሰውዬ፣ ሲቀይር አይቼዋለሁ? አላየሁም። ካርቶን መቀየር ግን እችልበታለሁ። የሰው ደንበኛ ትጠልፋለች ያልኳት ሴትስ? ከእኔ አንድም ሰው ወስዳ አታውቅም። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻ ሄድኩበት። አብዛኛው የራሴ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነበር።

አብዛኛው አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። በሰው ላይ የፈረደ ሁሉ ራሱን ነው የሚያየው የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ መርካቶ አንድ ወር እንዲከርሙ እመክራቸዋለሁ። በዚያው ዓመት ኅዳር አንድ አስመጪ ሙሉ ካርቶን የግራ እግር ጫማ ሸጦልኛል። እኔ የግራ እግር ጫማ ብቻውን ሸጬ አላውቅም፤ ሰውዬው ሌባ ነው ስል ራሴን እየገለጽኩ አይደለም። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ካርቶኑን ከፍቼ አይቻለሁ። ኑረዲን ላይ ግን ያየሁት ነገር አልነበረም። ያላየሁትን የሞላሁት ቤቴ ካለው ዕቃ ነው።

አንባቢዬ፣ አንተም ብትሆን አሁን እየፈረድክብኝ ነው። ፍረድ፣ ይገባኛል። ብቻ የጎረቤትህን ተንኮል ለሰው ስታስረዳ አካሄዱን በጣም ካወቅከው፣ ወንበሩ መቼ እንደሚወጣ ሳይቀር ካወቅከው፣ ትንሽ ቆም በል።

በመስቀል ማግስት ጋሼ ክፍሌንና ሀጂ ሸምሱን ይዤ ኑረዲን ሱቅ ገባሁ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ለደንበኞቹ፣ ለስድቡ፣ ለመስገጃው። ቆሞ ሰማኝና ጨበጠኝ።

"አውፍ ብዬሃለሁ ደምሴ። ለአላህ ብዬ። ሱቄን ግን አትጠብቅልኝ።"

አሁን ዓርብ ሲደርስ በሩን ጎትቶ ቆልፎ ነው የሚሄደው። በተራችን ዓርብ የሚዘጋ ሱቅ የሱ ብቻ ነው።

ይቅርታ የጠየቅኩ ዕለት ማታ ቤት ስገባ ለሚስቴ ነገርኳት። "ይቅርታው ለሽማግሌዎቹ ነው" አልኳት። "በእነሱ ፊት ጨበጠኝ እንጂ ውስጡን ቂም ይዟል። ቀን እየጠበቀ ነው።"

"በምን አወቅህ?" አለችኝ።

እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው ልላት ነበር። ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ።